የመምህርቷ እጆች

እጆቿ ሰማይ ላይ ቀሩ።

ሜይፋንግ መዳፎቿን ወደ ላይ ገልብጣ፣ ሰማዩን ደግፋ የያዘች መስላ እንደቆመች፣ ቀጥሎ የሚመጣው እንቅስቃሴ ከአእምሮዋ ብን ብሎ ጠፋ። ከኋላዋ የተሰለፉት ጡረተኞች የእሷን እጅ እያዩ እጃቸውን ሰቅለው ይጠብቃሉ። እግሯ ሥር ያለችው ትንሽ ድምፅ ማጉያ ዋሽንቱን ማንቆርቆሯን አላቋረጠችም። ከሉዎ ወንዝ የሚነሳው የኅዳር ብርድ በእጅጌዋ እየገባ እስከ ብብቷ ወረደ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ያስተማረችው የእስትንፋስና የሰውነት ማፍታቻ እንቅስቃሴ ነው፤ በእንቅልፍ ልቧ እንኳ ትሠራዋለች። አሁን ግን ባዶ ነው። ምንም የለም።

"መምህርት!" ሲል ከኋላ አንድ ጎርናና የሴት ድምፅ ተሰማ። "ሰማዩን ቶሎ ካላወረድሽው የኔ ትከሻ ሊወልቅ ነው!"

ሰዉ ሳቀ። ላንዪንግ ናት፤ በድሮው ገበያ ሠላሳ ዓመት አሳማ ስታርድና ስትበልት የኖረች፣ ጡረታ ከወጣችም ወዲህ አፏን እንደ ቢላዋዋ ስላ የምትይዝ ሴትዮ። ሜይፋንግ ከሳቁ ጋር አብራ ፈገግ አለችና እጆቿን በዝግታ አወረደች። ከዚያ ወዲያ ያለውን ከጎኗ የቆመችው አሮጊት ቀድማ ስትዞር አይታ ተከተለቻት። መሪዋ ተከታይ መሆኗን ማንም ልብ ያለ አልመሰላትም።

ሲጨርሱ አንዲት ባንክ ቤት የምትሠራ ወጣት ሴት ከሰልፉ ተነጥላ ቀረበቻት። ከመጣች ገና ሳምንቷ ነው።

"መምህርት፣ ትናንትም አልተኛሁም" አለች። "ዓይኔን ስጨፍን ልቤ ትሮጣለች። ሐኪሙ 'ምንም የለብሽም' ብሎ መለሰኝ። እርስዎ ምን ይሉኛል?"

ሜይፋንግ መዳፎቿን የልጅቷ ትከሻ ላይ አሳረፈች። ይህን ማድረግ ታውቅበታለች። አንዳንዱ ሰው ለዚህ ብቻ ሲል ነው ከከተማው ወዲያ ማዶ አውቶቡስ ተሳፍሮ የሚመጣው።

"ትከሻሽ ጆሮሽ ሥር ደርሷል፤ አወቅሽው? መንጋጋሽን ነክሰሽ ይዘሽዋል። ቺሽ፣ የውስጥ ኃይልሽ፣ ሁሉ ወደ ራስሽ ወጥቶ ቀርቷል። ላዩ እሳት፣ ታቹ በረዶ። ሰው ሲጨነቅ የውስጥ ኃይሉ እንዲህ ነው የሚሸሽ፤ መሬቱን ለቆ ጣራ ላይ ይወጣል። ልትታገይው አይደለም። መጀመሪያ የት እንዳለ እወቂ። ከዚያ እስትንፋስሽን ከእምብርትሽ በታች አውርጂው። ቀስ በይ... እንዲያ። አሁን ውስጥ እግርሽ መሬቱን ሲነካ ይሰማሻል?"

ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። "ትንሽ ትንሽ ይሰማኛል" አለች።

ሜይፋንግ የራሷን እግር ፈለገችው። የለም። ጥጥ ላይ የቆመች ያህል ነው። ጥርሶቿ እርስ በርስ ተጣብቀው ድዷን ያሟታል፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ። ልጅቷ ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ፣

"እጅዎ ግን በጣም ይቀዘቅዛል፣ መምህርት" አለች።

"ብርዱ ነው" አለችና እጇን ወደ ኪሷ ከተተች። ከዚያ ለማንም ደህና ዋሉ ሳትል ወደ ቤቷ መንገድ ጀመረች፤ መጀመሪያ በእርምጃ፣ ጥግ ስትዞር በሩጫ።

ባሏን ዘግታበት ነው የወጣችው። ዞንግሃይ ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ሲነዳ የኖረ፣ በክረምት በረዶ ሲወርድ እንኳ አንድ ደቂቃ ዘግይቶ ጣቢያ ገብቶ የማያውቅ ሰው ነበር። ሁለት ዓመት ሆነው፤ አእምሮው እንደ አሮጌ ሹራብ ከጫፉ መተርተር ጀመረ። መጀመሪያ የሰው ስም፣ ቀጥሎ የቤቱ መንገድ፣ አሁን ደግሞ እሷ ራሷ። ጎረቤት ሲጠይቃት "ጉልበቱን ያመዋል፣ ደረጃ መውረድ አልቻለም" ትላለች። በየማለዳው የጋዙን መክፈቻ ዘግታ፣ ቢላዎቹን ቁም ሣጥን አናት ላይ ሰቅላ፣ በሩን ከውጭ ቆልፋ ትወጣለች። የወንዙ ዳር ሰዓት ብቻ ናት የእሷ። እዚያ መምህርት ናት። እዚያ ሁሉ ሰው ፊቷን እያየ "ምን ያለች የተረጋጋች ሴት!" ይላል።

አራተኛ ፎቅ ደርሳ በሩን ስትከፍት ዞንግሃይ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። በላይ የሥራ ኮቱን ለብሷል፤ በታች የሌሊት ሱሪው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ረጥቧል። ከኋላው የቁም ሣጥኑ ልብስ በሙሉ በአንሶላ ተቋጥሮ ወለሉ ላይ ተደርድሯል።

"ማን ነው በሩን የዘጋብኝ?" አለ። "ተረኛ ነኝ እኮ! ሰው ጣቢያ ሙሉ ይጠብቀኛል!"

"ዛሬ ዕረፍትህ ነው። ና፣ ሱሪህን እንቀይር።"

"አንቺ ማን ነሽና ነው ሱሪዬን የምትቀይሪው?"

"ሜይፋንግ ነኝ። ሚስትህ ነኝ።"

ከእግር እስከ ራሷ ገላመጣት። "የኔ ሚስት ወጣት ናት" አለ፤ ዝም ብሎ እንደሚያውቀው ነገር።

አጠበችው። እየታገላት፣ እየሰደባት፣ አንዴም እንደ ሕፃን ጭኗን ይዞ ሚዛኑን እየጠበቀ። የረጠበውን ወለል ወለወለች። ቋጠሮዎቹን አልፈታቻቸውም፤ ለእሱ አቅም አልነበራትም። የሩዝ ሙቅ ጥዳ ስታማስል ስልኳ ጮኸ። ሸንጀን የምትኖረው ልጃቸው ሩዪ ናት።

"እማ፣ ደህና አደራችሁ? አባዬስ?"

"ደህና ነው። ቁርሱን እየበላ ነው።"

"ስለ መጦሪያ ቤቱ ያልኩሽን አሰብሽበት?"

"ምን የሚታሰብ አለው? አባትሽን ሌላ ሰው ይጠበው?"

"እማ፣ ድምፅሽ ልክ አይደለም።"

"ብርዱ ነው አልኩሽ!"

"አላልሽኝም እኮ" አለች ሩዪ ቀስ ብላ። "አሁን ገና ነው ያልሽው።"

ሜይፋንግ ሙቁ እየገነፈለ ነው ብላ ዘጋችው። እውነትም እየገነፈለ ነበር። በጎድጓዳ ሳሕን ቀድታ፣ እፍ እፍ ብላ አብርዳ፣ ከዞንግሃይ ፊት ለፊት ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ማንኪያ ተቀበላት። ሁለተኛውን አፉ ውስጥ አቆይቶ ወደ ደረቱ ተፋው።

"መርዝ ነው።"

"ሩዝ ነው። ትናንትም የበላኸው ነው።"

"ሴትዮዋ መርዝ አምጥታብኛለች! ሜይፋንግ! ሜይፋንግ!"

"እኔ ነኝ ሜይፋንግ!"

"አንቺ አይደለሽም!"

"እኔ ነኝ እኮ! እየኝ! እኔ ነኝ ሚስትህ!"

ሳሕኑን በክንዱ ገፋው። ትኩሱ ሙቅ ጭኗ ላይ ተደፋ፤ ሳሕኑ ወለሉ ላይ ተሰበረ። ቀጥሎ የሆነውን ሜይፋንግ አላየችውም፤ የሰማችው ድምፁን ነው። ጧ! ቀኝ እጇ በራሱ ሄዶ የባሏን ጉንጭ መትቶ ተመለሰ።



ዞንግሃይ ሁለት ክንዶቹን ራሱ ላይ አነባበረ። ትልቁ ሰውዬ እዚያው ወንበሩ ላይ ተኮማትሮ አነሰ። ከክንዱ ሥር አንድ ዓይኑን አውጥቶ አያት።

"ሚስቴ ትምጣ ብቻ" አለ። "ሜይፋንግ ትምጣ፤ እነግርብሻለሁ።"

ሜይፋንግ ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች፤ በሩንም ገርበብ አደረገችው። ግድግዳውን ተደግፋ እግሮቿን በትከሻዋ ልክ ከፈተች። ጉልበቷን አላላች። እጇን ከእምብርቷ በታች አኖረች። ስንቱን ሰው ያረጋጋችበት ነገር ነው፤ መበለቷን፣ ፈተና የወደቀውን፣ ልጁ የሞተችበትን ጫማ ሰፊ። አየሩን ወደ ውስጥ ሳበች። የደረቷ አጥንት ላይ ደርሶ ቆመ። እንደገና ሳበች። እንደገና ቆመ። ከዚያ በታች ያለው ሰውነቷ የሌላ ሰው ነው፤ ልትገባበት በሩን ብትደበድብ ከውስጥ የሚመልስላት የለም። ጉዳዩን ታውቀዋለች፤ ስሙን ታውቃለች፤ መድኃኒቱን ለሌላው ሁሉ ሰጥታለች። ለእሷ እንቢ አለ።

የመታውን እጇን አየችው። እንደ በረዶ ቀዝቅዟል፤ መዳፉ ብቻ ያቃጥላታል።

የውጭው በር ተንኳኳ። እንዳልሰማች ልትሆን ፈለገች። በሩ ግን አልተቆለፈም ነበርና ሳትከፍተው ተከፈተ።

"መምህርት! ዕቃሽን ሜዳ ላይ ጥለሽ ሮጥሽ!" ላንዪንግ ድምፅ ማጉያዋን በብብቷ ይዛ ገባች። "አንዱ ቆሻሻ ለቃሚ ሊወስዳት ሲል ደረስኩ። የሁለት ሰው ጩኸት የምትጮኽ ማሽን..." አልጨረሰችውም። የተሰበረውን ሳሕን አየች። ቋጠሮዎቹን አየች። ሽማግሌውንና ጉንጩ ላይ የቀሩትን ቀይ ጣቶች አየች። ከወጥ ቤት የወጣችውን ሜይፋንግን ደግሞ ከሁሉ አስረዝማ አየች።

"ጉልበቱን ነው የሚያመው ብለሽኝ ነበር" አለች።

ሜይፋንግ ቀኝ እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች።

"አንቺ ነሽ የመታሽው?"

"እኔ ነኝ።"

ላንዪንግ ድምፅ ማጉያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አላፈጠጠችም፤ አላጽናናችም። ጎንበስ ብላ የሳሕኑን ስባሪ መልቀም ጀመረች።

"የኔ እናት እንዲህ ሆና ነው የሞተችው" አለች ወለሉን እያየች። "እኔ ያኔ ጎልማሳ ነበርኩ፤ ክንዴ እንደ ወንድ። አንዴ ብቻ አይደለም የመታኋት። ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ጠላቴ እንኳ 'አሳማ አራጅ' እንጂ 'እናቷን የምትመታ' ብሎ ሰድቦኝ አያውቅም።"

"እኔ እኮ መምህርት ነኝ፣ ላንዪንግ።"

"ታዲያ መምህርት ከጭቃ አልተሠራችም?" ተነሥታ እጇን ያዘችው። "ኧረ! የሬሳ እጅ ነው እኮ። ጠዋት እጅሽ ሰማይ ላይ ሲቀር ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ቀለድኩ። ግን ዓይንሽን አይቼው ነበር። ከመታረዱ በፊት የሚፈዝ ከብት ዓይን ነው። እዚህ ጋ ቁሚ።"

"ሞክሬዋለሁ። አይወርድልኝም።"

"ቁሚ አልኩሽ።" ከኋላዋ ዞራ ሁለቱን ሰፋፊ መዳፎቿን ትከሻዋ ላይ ጣለች፤ ለስላሳነት የላቸውም፣ ጆንያ የሚጫን ይመስላል። "ምን ነበር የምትዪን? 'ላዩ በረዶ፣ ታቹ እሳት'..."

"ላዩ እሳት፣ ታቹ በረዶ።"

"እሱን ነው ያልኩት። መንጋጋሽን ልቀቂ። ጥርስሽ ሲፋጭ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። ከዚያ... እስትንፋስሽን ወደ ጨጓራሽ..."

"ከእምብርት በታች።"

"ጨጓራስ ከአንገት በታች አይደል? አውርጂው በቃ!"

ሜይፋንግ ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ አልነበረም። ትከሻዋ በላንዪንግ እጅ ሥር መንቀጥቀጥ ጀመረ። ድምፅ ሳታሰማ፣ ቆማ፣ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች። የወረደ ነገር ካለ እንባው ብቻ ነው። ላንዪንግ እጇን አላነሣችም። ዞንግሃይ ከወንበሩ ሆኖ ሁለቱን ሴቶች በተራ በተራ አያቸው።

"ይቺ ሴትዮ ምን ሆና ነው?" ሲል ጠየቀ።

"ደክሟት ነው፣ ጌታው ሾፌር" አለች ላንዪንግ። "ካርታ ትችላለህ?"

"እኔ? ማን አሸንፎኝ ያውቃል!"

ሜይፋንግ ሶፋው ላይ ጋደም አለች፤ ለደቂቃ ብላ። ስትነቃ የቀትሩ ፀሐይ መስኮቱን አልፎ ግድግዳ ላይ ወጥቷል። ቤቱ ያው ነው። ቋጠሮዎቹ እዚያው ናቸው። ባሏ ካርታውን አንድ በአንድ እየገለበጠ ጠረጴዛው ላይ ይደረድራል፤ ጨዋታው ጠፍቶበታል፤ ላንዪንግም ጠፍቶባት እንደሆነ ሁሉ ዝም ብላ እሱ እንደደረደረው ትደረድራለች። ጉንጩ ላይ ያለው ቅላት ደብዝዟል። ሜይፋንግ ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ለአንድ አፍታ ተስፋ አደረገች።

"ሚስቴን አይተሻታል?" አላት።

ላንዪንግ ልትሄድ ስትነሣ ሜይፋንግ እስከ በሩ ሸኘቻት።

"አይሻለውም አይደል?" አለች በሹክሹክታ።

"አይሻለውም።"

"እኔስ?"

ላንዪንግ ጫማዋን እያጠለቀች አሰበች። "እሱን እኔ አላውቅም። ብቻ ነገ ብቻውን ዘግተሽበት እንዳትመጪ። ይዘሽው ነይ፤ ወንበር ላይ ይቀመጥና ይየን። ቢሰድበንም ይስደበን፤ እኛን ማን ያልሰደበን አለ?"

"ሰው ምን ይለኛል?"

"ሰው? ግማሾቻችን ስማችንን ለማስታወስ ነው እዚያ የምንመጣው!"

በማግሥቱ ጠዋት ሜይፋንግ ዞንግሃይን ወፍራም ኮቱን አልብሳ፣ ሻርፑን ጠምጥማ፣ ክንዱን ይዛ ወጣች። አንደኛውን ፎቅ በደህና ወረዱ። ሁለተኛውን በግማሽ። እዚያ ደረጃው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

"አልሄድም።"

"ትንሽ ነው የቀረን። ተነሥ።"

"አላውቅሽም። ከማላውቀው ሰው ጋር አልሄድም።"

በብብቱ ገብታ ልታነሣው ሞከረች። የደረጃውን ብረት ጨብጦ ያዘ። ሳበችው። እሱም ሳበ። ወንዙ ዳር ሰዎቹ አሁን ተሰልፈው ይጠብቋታል፤ ረፍዷል። ያን ጊዜ ቁጣው ሲመጣ አየችው። መንጋጋዋ ተቆለፈ። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጣ። አየሩ ጉሮሮዋ ሥር ቆመ፤ ጣቶቿ ቀዘቀዙ፤ የቀኝ እጇ መዳፍ ማሳከክ ጀመረ። ትናንት ሳታየው ነበር የደረሰባት፤ ዛሬ ከሩቅ፣ ቁልቁለት እንደሚወርድ ጋሪ፣ እየተንገዳገደ ሲመጣባት አየችው። ማየቷ አላቆመውም። ልብ ማለቷ አላበረደውም። ብቻ ከመንገዱ ዞር ለማለት የምትበቃ ትንሽ ጊዜ ሰጣት።

እጅጌውን ለቀቀችው። እሱ ካለበት አንድ ደረጃ ዝቅ ብላ ተቀመጠችና ሁለቱን እጆቿን ከጭኖቿ ሥር ከተተቻቸው።

ከላይ ኮቴ ተሰማ። የስድስተኛ ፎቁ ጎረቤት የሞተር ሳይክል ቆቡን በእጁ ይዞ ወደ ሥራው ይወርዳል።

"አክስቴ ሜይፋንግ! ምነው? የጋሼ ጉልበት ባሰበት እንዴ?"

የተለመደው መልስ አፏ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ዋጠችው።

"ጉልበቱ ደህና ነው" አለች። "የሄደው አእምሮው ነው። እኔንም አያውቀኝም።"

ሰውዬው የት እንደሚያይ ጠፋው። ቆቡን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። "እ... ተሸክሜ ላውርደው?"

"አይ፣ ተወው። ይልቅ በወንዙ ዳር ስታልፍ ላንዪንግ የምትባል ትልቅ ሴትዮ አለች፤ ድምፅዋ ካገሩ ሁሉ ይጎላል፤ አታጣትም። መምህርቷ ዛሬ አትመጣም፣ አንቺ ምሪ ብላለች በልልኝ።"

"ነገስ ቢሉኝ?"

"ስለ ነገ አላውቅም በላቸው።"

እሱን ለማሳለፍ እግሯን ሰበሰበች። ኮቴው ወደ ታች እየራቀ ሄዶ ጠፋ። ዞንግሃይ ብረቱን እንደጨበጠ አንገቱን አስግጎ ወደ ታች ተመለከተ።

"ማን ነው እሱ?"

"ጎረቤት ነው።"

"አንቺስ?"

ሜይፋንግ ወደ ላይ ቀና ብላ አየችው። ከትናንት ጀምሮ፣ ከዚያም ከብዙ ወራት ጀምሮ፣ ስትጮኽው የኖረችውን 'ሚስትህ ነኝ' የሚለውን ቃል ተወችው።

"እኔም ጎረቤት ነኝ" አለች። "ካንተ ጋር ልቀመጥ?"

ጥቂት አሰበበት። ከዚያ ብረቱን ለቀቀና፣ ኮቱን ከሥሩ ሰብስቦ፣ ወደ ግድግዳው ጠጋ አለላት።